የክንፍ ጫፍ ቀስት አሠራር፦ እንጨትን አነባብሮ ማጉበጥ በድሬዳዋ ሙቀት

ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ያለው ግቢያችን ግድግዳ ላይ አንድ ጎባጣ እንጨት ተሰቅሏል። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ይሄ የምን ቀስት ነው?» ይለኛል። ከእንጨት ለሚሠራ ትንሽ አውሮፕላን የሠራሁት የመጀመሪያው የክንፍ ጫፍ ነው። ያበላሸሁት።

ከፎርማው (እንጨቱ ታስሮ ከሚጎብጥበት ቅርጽ) ሳወጣው ልክ ሩብ ክብ ነበር። ያጣበቅኩት ግን አልጋና ቁም ሳጥን በሚሠራበት ነጭ ኮላ ነው። ቆርቆሮ ጥላ ሥር አንድ ወር አስቀመጥኩት። ሳየው በአራት ጣት ተከፍቷል። አንድም ቦታ አልተላቀቀም፣ ስንጥቅ የለውም፤ ዝም ብሎ ተንሸራቷል። ጎረቤቴ ጋሼ ዕድሜያቸውን ምድር ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ የጨረሱ ሰው ናቸው። አገላብጠው አዩትና «አቦ፣ ይሄማ ወደ ቤቱ እየሄደ ነው» አሉኝ።

ነገሩ እሱ ነው። የታጠፈ እንጨት ሁልጊዜ ወደ ቤቱ መሄድ ይፈልጋል። ቀንም ሌሊትም ይገፋል። የሚይዘው ሙጫው ብቻ ነው። ድሬ ላይ ደግሞ ሙጫውን የሚፈትነው ሙቀት ነው። ከዚህ በታች የምነግራችሁ በሙሉ ከእነዚህ ሁለት ነገሮች የሚመጣ ነው።

መጀመሪያ ለምን እንደሚነባበር

ወፍራም ጣውላ ላይ ጉብጠቱን ስላችሁ በመጋዝ ብትቆርጡት ቅርጹ ይወጣል። የእንጨቱ ጅማት ግን ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። ጉብጠቱ ጋ ሲደርስ ይቆረጣል፣ እዚያ ቦታ ላይ እንጨቱ እንደ ማገዶ ይፈለጣል። አንዱን ወፍራም እንጨት በግድ ማጠፍም አይቻልም፤ ውጪው ይበጠሳል፣ ውስጡ ይጨማደዳል።

ስለዚህ እንጨቱን ወደ ቀጫጭን ስንጣቂ እንለውጠዋለን። እያንዳንዱ ስንጣቂ ብቻውን በቀላሉ ይጎብጣል። ሙጫ ቀብተን፣ አነባብረን፣ ፎርማ ላይ አስረን እናደርቀዋለን። ሲደርቅ ጅማቱ ጉብጠቱን ተከትሎ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሄዳል። ቀላልም ጠንካራም ይሆናል። ከእንጨት በሚሠሩ ትናንሽ አውሮፕላኖች ላይ የክንፍ ጫፍ፣ የጭራ ዙሪያ፣ የአካሉ ጎባጣ ክፈፎች በዚህ መንገድ ይሠራሉ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። መለማመጃ በፈለጋችሁት እንጨት ሥሩ። የሚበር ነገር ላይ የሚገባው ግን የአውሮፕላኑ ዲዛይን ያዘዘው የእንጨት ዓይነት፣ መጠንና ሙጫ ብቻ ነው። «ይሄም ያው ነው» የሚባል ነገር የለም። ለመብረርም የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል። እዚያ መሄድ ያለባችሁ ሥራውን ስትጀምሩ ነው፤ ክንፉ አልቆ ግቢውን ከሞላ በኋላ አይደለም።

እንጨት መምረጥ

የአውሮፕላን መጽሐፍት ሁሉ የሚያወሩት ስለ ስፕሩስ ነው። ቀላል፣ ጅማቱ ረጅምና ቀጥ ያለ እንጨት ነው። ዳግላስ ፈር የሚባለውም ይሠራል፤ ትንሽ ይከብዳል፣ ትንሽ ይጠነክራል። ሁለቱም ድሬ አይበቅሉም፣ መጋላ ሰፈር ካለ ጣውላ ቤትም አይገኙም። ለልምምድ እኔ የተጠቀምኩት ዝግባ ነው። ጅማቱ ጥሩ ነው፣ ሲላግ ደስ ይላል። ግን ዝግባ ዝም ብሎ የሚቆረጥ ዛፍ አይደለም፤ ጥበቃ የሚደረግለት የአገር ዛፍ ነው። ወይ ሕጋዊ ወረቀት ያለው ጣውላ ግዙ፣ ወይ እንደ እኔ ከፈረሰ ቤት የወጣ አሮጌ ጣውላ ፈልጉ። ከውጭ የሚገባ የፓይን ጣውላም ለመለማመጃ ይበቃል፤ ጉጥ የሌለበትን እስክታገኙ ግን ግማሽ ቀን ታገላብጣላችሁ። ባለሱቁ ይቆጣል። ይቆጣ።

ጣውላው ላይ ሦስት ነገር እዩ።

አንደኛ፣ ጉጥ። ስንጣቂው 3 ሚሊ ሜትር ሲሆን የአተር ፍሬ የምታክል ጉጥ እንኳን መሰበሪያው ናት። በሚቆረጠው ክፍል ላይ አንድም አትፍቀዱ።

ሁለተኛ፣ የጅማቱ አቅጣጫ። በዓይን ማየት ያታልላል። የብዕር ቀለም አንድ ጠብታ በተላገው ፊት ላይ ጠብ አድርጉ። ቀለሙ ጅማቱን ተከትሎ ቀጭን መስመር ሆኖ ይሳባል። ከዚያ መስመሩ ከጣውላው ጠርዝ ምን ያህል እንደሚሸሽ ለኩ። በ15 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሸሸ ጣውላው ለዚህ ሥራ አይሆንም። ይህን የሚያሳየኝ ሰው አጥቼ ሁለት ጣውላ አቃጥያለሁ። የጎኑንም እዩት፤ በፊቱ ቀጥ ብሎ በጎኑ የሚሸሽ እንጨት አለ።

ሦስተኛ፣ እርጥበቱ። ለሙጫ ጥሩ የሚባለው ከ8 እስከ 12 በመቶ ነው። የእርጥበት መለኪያ መሣሪያ ከሌላችሁ ሚዛንና የቤት ኦቨን ይበቃል። ከጣውላው መካከል ትንሽ ቁራጭ ቁረጡና መዝኑ። 103 ዲግሪ አካባቢ ባለው ኦቨን ውስጥ አስቀምጡት። በየተወሰነ ሰዓት እያወጣችሁ መዝኑ፤ ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ደርቋል። እንበል መጀመሪያ 54.5 ግራም ነበር፣ ሲደርቅ 50 ሆነ። የጠፋው 4.5 ግራም ለ50 ሲካፈል 9 በመቶ። እንጨታችሁ ዝግጁ ነው። ወርቅ ቤቶች የሚጠቀሙባት ዓይነት ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ካገኛችሁ ለዚህም፣ ኋላ ለሙጫውም ትሆናለች።

ከደጋ የመጣ ጣውላ ድሬ እንደደረሰ አትቁረጡት። የደንገጎን ዳገት ወርዶ ቆላ ሲገባ ገና ይደርቃል፣ ይኮማተራል፣ ይጣመማል። ሥራ ቤታችሁ ውስጥ አየር በሚያስገባ መንገድ ደርድራችሁ ጥቂት ሳምንት ተዉት። በተቃራኒውም ሐረር የምትሠሩ ከሆነ ከድሬ የወሰዳችሁትን ጣውላ የሐረርን አየር እንዲለምድ ጊዜ ስጡት።

የስንጣቂው ውፍረትና ቁጥር

እዚህ ጋ ትንሽ ሒሳብ አለ። አትዝለሉት፤ እኔ ዘልዬው ከፍያለሁ።

ለደረቅ ለስላሳ እንጨት የምጠቀምበት ደንብ ይሄ ነው፦ የጉብጠቱ ራዲየስ ከስንጣቂው ውፍረት ቢያንስ 100 እጥፍ ይሁን። ራዲየሱ 40 ሴንቲ ሜትር ከሆነ እስከ 4 ሚሊ ሜትር ይሄዳል ማለት ነው። እኔ 3 እመርጣለሁ። ስንጣቂው ሲቀጥን ሙጫው ይበዛል፣ ክብደቱም ይጨምራል፤ ስለዚህ ከሚያስፈልገው በላይ ማቅጠን ጥቅም የለውም።

ሁለተኛው ሒሳብ ቅድም ጋሼ «ወደ ቤቱ» ያሉት ነው። ሙጫው ምንም ቢጠነክር፣ ፎርማው ሲፈታ ቀስቱ ትንሽ ይከፈታል። ምን ያህል እንደሚከፈት የሚወስነው የንብርብሩ ቁጥር ነው። ቁጥሩን በራሱ አባዙት፣ አንድ ቀንሱ፣ ራዲየሱን ለዚያ አካፍሉ። የምታገኙት ራዲየሱ የሚጨምረው መጠን ነው። 40 ሴንቲ ሜትር ራዲየስ ያለውን ቀስት በ3 ወፋፍራም ስንጣቂ ብትሠሩት፣ 400 ሚሊ ሜትር ለ8 ሲካፈል 50፤ ቀስቱ 450 ሆኖ ይወጣል። በ6 ስንጣቂ ከሆነ 400 ለ35፤ ወደ 11 ሚሊ ሜትር ብቻ። ልዩነቱን አያችሁ?

ስለዚህ ምሳሌያችን ይሄ ይሁን። የቀስቱ መካከለኛ መስመር ራዲየስ 400 ሚሊ ሜትር፣ 6 ስንጣቂ ባለ 3 ሚሊ ሜትር፣ ጠቅላላ ውፍረት 18። ከተፈታ በኋላ 400 እንዲሆንልን ፎርማው ጠበብ ማለት አለበት። 400ን በ35 አባዝታችሁ ለ36 ብታካፍሉ 389 ገደማ ይመጣል። ይሄ የመካከሉ መስመር ነው። የፎርማው ጠርዝ የሚነካው ግን የውስጠኛውን ስንጣቂ ነው፤ ስለዚህ የውፍረቱን ግማሽ፣ 9 ሚሊ ሜትር፣ ቀንሱ። 380። ፎርማችሁን በ380 ትቆርጣላችሁ።

መሰንጠቅና መላግ

2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ ውሰዱ። ስንጣቂው ከጠርዙ በኩል ነው የሚቆረጠው፤ የጣውላው ውፍረት የስንጣቂው ስፋት ይሆናል። በ4 ሚሊ ሜትር ቁረጡትና ወደ 3 ላጉት። የመጋዙ ምላጭ ራሱ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ይበላል፤ እያንዳንዱ ስንጣቂ 7 ሚሊ ሜትር ይወስድባችኋል። ለ6ቱ ሁለት መጠባበቂያ ጨምራችሁ 8 ስትቆርጡ ወደ 6 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያስፈልጋል። ግማሹ ሰጋቱራ ነው። ያናድዳል፣ ግን ሌላ መንገድ የለውም።

ርዝመቱስ? ሩብ ክቡ 63 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከክንፉ ጋር የሚገናኙበት ቀጥ ያሉ ጫፎች በየጎኑ 20 ሴንቲ ሜትር ቢሆኑ 103 ይሆናል። 125 አድርጋችሁ ቁረጡ። ትርፉ ለመያዣም፣ ኋላ ለምንሰብረው የሙከራ ቁራጭም ነው።

ከመቁረጣችሁ በፊት ጣውላው ጫፍ ላይ በእርሳስ ትልቅ ሦስት ማዕዘን ሣሉ። ስንጣቂዎቹ ከተቆረጡ በኋላ ሦስት ማዕዘኑን ገጣጥማችሁ ቅደም ተከተላቸውን ታገኛላችሁ። ከአንድ ጣውላ የወጡ ስንጣቂዎች በተራቸው ሲነባበሩ አብረው ይጎብጣሉ፣ አብረው ያብጣሉ።

መላግ ላይ ሁሉም ሰው ይቸገራል። 3 ሚሊ ሜትር ስንጣቂ እንደ ተራ እንጨት ከፊት አስደግፋችሁ ብትገፉት ይጎብጣል፣ ይዘላል፣ ይሰበራል። ሥራ ጠረጴዛው ላይ 3 ሚሊ ሜትር ቁመት ያላቸው ሁለት የወይራ ሐዲዶች ምቱ። ስንጣቂውን መሀላቸው አስተኙ። አንዱን ጫፍ እሰሩትና ከታሰረው ጫፍ ወደ ነጻው ጫፍ ላጉ። መላጊያው ስንጣቂውን ይጎትተዋል እንጂ አይገፋውም። የመላጊያው ግራና ቀኝ ጠርዝ ሐዲዶቹ ላይ ሲያርፍ መቁረጥ ያቆማል። በካሊበር ለኩ፤ 0.2 ሚሊ ሜትር ስህተት ኢምንት ይመስላል፣ ስድስት ጊዜ ሲደራረብ ግን 1.2 ነው።

ምላጩ የተሳለ ይሁን። ደነዝ ምላጭ እንጨቱን አይቆርጠውም፣ ያለሰልሰዋል፤ ፊቱ ያበራል፣ ሙጫ አይገባበትም። አንድ የውሃ ጠብታ ጣሉበት። ወዲያው ከተሰራጨ ጥሩ ነው፤ እንደ ዶቃ ከቆመ እንደገና ላጉ። በብርጭቆ ወረቀት መጨረስ አመል የሆነባችሁ አናጢዎች ተቆጠቡ፤ ዱቄቱ የእንጨቱን ቀዳዳ ይደፍነዋል። የላጋችሁትን ደግሞ በዚያው ቀን አጣብቁ። በድሬ አቧራ አንድ ሌሊት ያደረ ፊት ንጹሕ አይባልም።

አንዱ ስንጣቂ ካጠረባችሁና መቀጠል የግድ ከሆነ፣ ሁለቱን ጫፎች የውፍረቱን 12 እጥፍ በሚሆን ርዝመት አሹላችሁ አደራርቡ። 3 ሚሊ ሜትር ከሆነ 36። ሁለት መቀጠያ ደግሞ አንድ ቦታ ላይ ከላይና ከታች አይግጠም።

ፎርማው

ሁለት ባለ 18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ የተጨመቀ ሰሌዳ) አጣብቁ። 36 ይሆናል፤ ከስንጣቂው ስፋት በላይ ነው። ጥሩ። አንድ ረጅም ቀጭን እንጨት ወስዳችሁ በአንዱ በኩል ሚስማር፣ 380 ሚሊ ሜትር ርቆ ደግሞ የእርሳስ ቀዳዳ አድርጉበት። ኮምፓስ ማለት ይሄው ነው። ሩብ ክቡን ሣሉ፣ ቀጥ ያሉትን ጫፎች ጨምሩ፣ ቁረጡ፣ ጠርዙን በሞረድ አስተካክሉ። በስኳድራ እያያችሁ ጠርዙ 90 ዲግሪ መቆሙን አረጋግጡ፤ ካዘነበለ ቀስቱ ይጠመዘዛል፣ የተጠመዘዘን ደግሞ ምንም አያቃናውም።

ከጠርዙ 5 ሴንቲ ሜትር ገባ ብላችሁ የክላምፕ (የማጥበቂያ) መንጋጋ የሚገባባቸው ሰፋፊ ቀዳዳዎች በትራፓኖ ብሱ። ሁሉንም ሙጫ ሊነካው የሚችል ቦታ በሰፊ ፕላስተር ሸፍኑና ሻማ እሹበት። ይህን የረሳ ሰው ቀስቱንና ፎርማውን አንድ ላይ ግድግዳ ላይ ይሰቅላል።

ክላምፕ ብዙ ነው የሚያስፈልገው። በየ5 ሴንቲ ሜትሩ አንድ፤ ለእኛ ቀስት 20 ገደማ። ታይዋን ገበያ ርካሽ ክላምፕ አለ። እኔ ግማሹን ገዛሁ፣ ግማሹን በያጅ ቤት ከፌሮ ቁራጭና ከብሎን አሠራሁ። መልኩ አያምርም፣ ግን ይይዛል። ከስንጣቂዎቹ ውጪ በኩል በፌስታል የተጠቀለለ አንድ ትርፍ ስንጣቂ ደርቡ፤ የክላምፑን ጫና ያከፋፍላል፣ እንጨቱ ላይ ጠባሳ አይተውም።

ያለ ሙጫ መለማመድ

ሙጫ ሳትከፍቱ ሁሉንም ነገር አንድ ጊዜ እሰሩ። ሰዓት ያዙ። እኔ የመጀመሪያው ጊዜ 23 ደቂቃ ፈጀብኝ። በሦስተኛው 9።

ማሰር ከመካከል ይጀመራል። አንድ ክላምፕ የጉብጠቱ እምብርት ላይ፣ ከዚያ አንዱን ወደ ግራ፣ አንዱን ወደ ቀኝ። ጫፎቹን ቀድማችሁ አትሰሩ። ምክንያቱ ይሄ ነው፦ ውጪኛው ስንጣቂ ከውስጠኛው ረዘም ያለ መንገድ ይሄዳል። በእኛ ቀስት ልዩነቱ 24 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ስንጣቂዎቹ እርስ በርስ መንሸራተት አለባቸው። ጫፎቹ ከታሰሩ መሄጃ ያጡና መሀል ላይ ያብጣሉ። በደረቁ ስታስሩ ጫፎቹ እንደ ደረጃ ሲደረደሩ ታያላችሁ፤ ያኔ ትክክል ናችሁ።

አንዱ ስንጣቂ «ጠቅ» ካለ ቁሙ። ጥሩ ዜና ነው፤ ሙጫ ሳይነካው ሰበራችሁት። መጠባበቂያውን አስገቡ። ሁለተኛውም ጠቅ ካለ ውፍረቱን ቀንሱ። ስንጣቂዎቹን ውሃ ነክሮ ፎርማው ላይ አስሮ ማድረቅም ያግዛል፤ ግን ለማጣበቅ የሚፈቱት ሙሉ በሙሉ ሲደርቁ ነው። እርጥብ እንጨት ማጣበቅ አይታሰብም።

የትኛው ሙጫ

ነጩን ኮላ ታሪኩን ነግሬያችኋለሁ። ወንበር ላይ ጎበዝ ነው። ያለማቋረጥ ሲገፋ ግን ቀስ ብሎ ይንሸራተታል፣ ሲሞቅ ይለሰልሳል። የታጠፈ እንጨት ደግሞ መግፋት አያቆምም።

ኬዚን የሚባል ከወተት ፕሮቲን የሚሠራ ሙጫ ድሮ ለአውሮፕላን ያገለግል ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዞች ሞስኪቶ የተባለውን የእንጨት ጦር አውሮፕላን መጀመሪያ ያጣበቁት በኬዚን ነው። በኋላ በሰው ሠራሽ ሙጫ ተኩት። ኬዚን እርጥበትና ሻጋታ ያጠቃዋል።

ለዛሬ ሥራ ምርጫው በሁለት መሀል ነው። ሬዞርሲኖል ቀይ ቡናማ ሙጫ ነው። ውሃም ሙቀትም አይበግረውም፤ ለድሬ ፀሐይ የተፈጠረ ነው ማለት ይቻላል። ግን ፊቶቹ ፍጹም መግጠም አለባቸው፣ ክፍተት አይሞላም፣ ብዙ ጫናም ይፈልጋል። ለለስላሳ እንጨት በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር 9 ኪሎ ገደማ። ሒሳቡን ለቀስታችን ሥሩት፦ 1 ሜትር በ2.5 ሴንቲ ሜትር 250 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው፤ በ9 ሲባዛ 2,250 ኪሎ! ለ20 ክላምፕ ሲካፈል እያንዳንዱ ከ110 ኪሎ በላይ መጫን አለበት። የእኔ የፌሮ ክላምፖች ይህን አይችሉም።

ሁለተኛው ኢፖክሲ ነው፤ ከማድረቂያው ጋር ተደባልቆ የሚጠነክር ሙጫ። ይህን ሁሉ ጫና አይፈልግም። ፊቶቹ ተነካክተው በሙሉ ርዝመታቸው ቀጭን የሙጫ መስመር ከወጣ በቂ ነው። እንዲያውም ከመጠን በላይ ከጨመቃችሁት ሙጫው ተገፍቶ ይወጣና መገጣጠሚያው ይራባል። ድክመቱ ሙቀት ነው። ብዙ ኢፖክሲ ከ50 እስከ 70 ዲግሪ ባለው መሀል መለስለስ ይጀምራል። ጥቁር ቀለም የተቀባ ነገር የድሬ ፀሐይ ላይ ቢቆም ከዚያ ያልፋል። ስለዚህ ኢፖክሲ የመረጠ ሰው አውሮፕላኑን ነጭ ይቀባል፣ ጥላ ውስጥ ያቆማል። ስትገዙም ለመዋቅር የተሠራ መሆኑን፣ የሚለሰልስበትን ሙቀት፣ ጊዜው አለማለፉን እዩ። ለሞዛይክና ለጠረጴዛ ጌጥ የሚሸጠው ኢፖክሲ ሌላ ነገር ነው።

እኔ የምጠቀመው ኢፖክሲ ነው። ከዚህ በኋላ የምለው ስለሱ ነው።

የማጣበቂያው ሌሊት

ቀን አትሥሩ። ግንቦትና ሰኔ ላይ ከሰዓት በኋላ 35 ዲግሪ ያልፋል። የተደባለቀ ኢፖክሲ ሳይጠነክር የሚቆይበት ጊዜ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር በግማሽ ገደማ ያጥራል። በ25 ዲግሪ 45 ደቂቃ የሚሰጣችሁ ሙጫ በ35 ሃያ ምናምን ደቂቃ ነው የሚሰጣችሁ። እኔ የምጀምረው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። አየሩ ረግቷል፣ ባጃጅ አይጮህም፣ አቧራ አይነሳም፣ ቡና ጠጥቶ «እስቲ ልየው» የሚል ሰው የለም።

ግንባራችሁ ላይ ሻሽ እሰሩ። እየቀለድኩ አይደለም። ሦስተኛው ቀስቴ ላይ ጎንበስ ብዬ ስቀባ ከግንባሬ አንድ የላብ ጠብታ ስንጣቂው ላይ ጠብ አለች። በጨርቅ ጠረግኳትና ቀጠልኩ። ኋላ ስፈትሸው በዚያው ቦታ ሙጫው እንደ ልጣጭ ተነሳ። ላብ ጨውም ውሃም ቅባትም ነው።

ጓንት አድርጉ፣ ሁለት ጥንድ ደርባችሁ። ኢፖክሲ ቆዳን ያስቆጣል፣ አንዴ አለርጂ ከያዛችሁ አይለቃችሁም። እጅ ላይ የነካውን በሳሙናና በውሃ ታጠቡ። በአሴቶን አትታጠቡ፤ ሙጫውን ወደ ቆዳችሁ ያስገባዋል።

መጠኑ፦ አምስት የሙጫ መስመሮች አሉን። 60 ግራም ይበቃል። መደባለቂያው መጠን ከጣሳው ላይ እንደተጻፈው ነው። አንዳንዱ በይዘት እኩል በእኩል ነው፣ አንዳንዱ በክብደት ሌላ ነው። ሁለቱን አታምታቱ። «ትንሽ ማድረቂያ ብጨምር ቶሎ ይደርቃል» የሚል የሰፈር ጥበብ እዚህ አይሠራም፤ የተረፈው ማድረቂያ ሳይደርቅ ውስጡ ይቀራል። ሦስት ደቂቃ ሙሉ አማስሉ፣ የኩባያውን ግድግዳና ታች እየፋቃችሁ። ከዚያ ወዲያው ሰፊ ትሪ ላይ አፍስሱት። ኩባያ ውስጥ ከቆየ የራሱ ሙቀት መውጫ ያጣና ይፈላል። አንድ ጊዜ የእኔ ኩባያ ጭሶ ቀልጧል።

በአሮጌ የኤቲኤም ካርድ ቀቡ። ሁለቱንም የሚነካኩ ፊቶች፣ ስስ አድርጋችሁ፣ ደረቅ ቦታ ሳትተዉ። ውጪኛውና ውስጠኛው ስንጣቂ አንድ አንድ ፊታቸው ብቻ ነው የሚቀባው፤ በድንጋጤ ሁሉንም የሚቀባ ሰው አውቃለሁ። ሁለት ደቂቃ ጠብቁና አንጸባራቂነቱ የጠፋበት ቦታ ካለ፣ እንጨቱ ጠጥቶታል፣ ድገሙት።

በሦስት ማዕዘኑ ምልክት አነባብሩ። ፎርማው ላይ አድርጉ፤ ከመካከል ጀምሩ። መጀመሪያ ሁሉንም ክላምፕ በጣት ኃይል ብቻ አጥብቁ። ሙጫ የተቀባ እንጨት ይንሸራተታል፣ ወደ ላይ ይወጣል፤ በፕላስቲክ በተሸፈነ እንጨት መታ መታ አድርጋችሁ ከፎርማው ሜዳ ጋር አስተካክሉ። ከዚያ ሁለተኛ ዙር፣ እንደገና ከመካከል፣ አጥብቁ። በእያንዳንዱ መስመር ላይ የሰናፍጭ ፍሬ የምታክል የሙጫ ዶቃ ስትደረደር እጃችሁን አንሱ። ክላምፕ የጎደለበት ቦታ ካለ የባጃጅ ካላማዳሪ በረጅሙ ቀድዳችሁ እየጎተታችሁ ጠምጥሙበት። ጎሚስታ ቤት በነጻ ይሰጧችኋል፤ ጫናውም እኩል ነው።

የወጣውን ሙጫ ወዲያው አትጥረጉ፣ ትለቀልቁታላችሁ። እንደ ማስቲካ ሲሆን በመሮ ላጡት። ከዚያ ሂዱና ተኙ። 24 ሰዓት አትንኩት።

ሲፈታ

ክላምፑን ከጫፎቹ ጀምራችሁ ወደ መካከል ፍቱ። ቀስቱን ሙሉ መጠን በተሣለው ሥዕል ላይ አስቀምጡት። ልዩነቱን ለኩና ጻፉት። የእኔ ሦስተኛ ቀስት ከሥዕሉ በ3 ሚሊ ሜትር ከፈት ብሎ ወጣ። ያን ያህሉ በእጅ ተጭኖ ከክንፉ ጋር ይገጥማል። ከዚያ በላይ ከሆነ ፎርማውን አስተካክሉ እንጂ ቀስቱን በግድ አትጫኑ። የግራውና የቀኙ ክንፍ ቀስት ከአንድ ፎርማ ይውጣ፤ ቢያንስ ስህተታቸው አንድ ዓይነት ይሆናል።

አሁን መፈተሽ። ከጫፍ የተረፈውን ቁራጭ ቁረጡ። የሙጫው መስመር ላይ መሮ ደግናችሁ በመዶሻ ምቱ። ሲሰነጠቅ ሁለቱን ፊቶች ብርሃን ላይ እዩ። እንጨቱ ከተቀደደ፣ ጅማት በሁለቱም በኩል ተጣብቆ ከቀረ፣ ሙጫው ከእንጨቱ ይበረታል ማለት ነው። ፊቱ ልሙጥ ሆኖ እንደ መስታወት ካበራ ቀስቱን ጣሉት። አትሟገቱ። ሌላ ቁራጭ ደግሞ ጥቁር ቀብታችሁ ለአንድ ሳምንት ቆርቆሮ ጣራ ላይ የድሬን ፀሐይ ይቅመስ፤ ከዚያ አውርዳችሁ በትኩሱ ያንኑ የመሮ ፈተና ድገሙ። ድሬ ላይ ለምንሠራ ሰዎች ከሁሉም በላይ የማምነው ይሄን ነው።

ካለፈ በኋላ ጎኖቹን ላጉ። 25 የነበረው ስፋት ወደ 20 ይወርዳል፤ የደረቀ ኢፖክሲ የመላጊያ ምላጭ ይበላል፣ መሳያ አጠገባችሁ ይኑር። ክንፉን የሚሸፍነው ጨርቅ የሚያርፍበትን ውጪኛ ጠርዝ አክብቡት። ከዚያ ቫርኒሽ ሁለት ሦስት እጅ ቀቡ። ከክንፉ ጎድኖችና ከዋናው ተሸካሚ ጋር የሚጣበቅበትን ቦታ ግን በፕላስተር ሸፍናችሁ ባዶ ተዉት፤ ሙጫ ቫርኒሽ ላይ አይይዝም።

የተሰነጠቀውን የሙከራ ቁራጭ አትጣሉ። ቀኑን፣ የሙጫውን ጣሳ ቁጥር፣ የዚያን ሌሊት ሙቀትና የየትኛው ቀስት እንደሆነ በእርሳስ ጻፉበት። እኔ በሲባጎ አስሬ ከዚያ ከተከፈተው ቀስት ጎን ሚስማር ላይ አንጠልጥያቸዋለሁ። ጋሼ ሲመጡ መጀመሪያ የሚያገላብጡት እነሱን ነው።